ያስተማርኳችሁን ሁለት መስመር መልሱልኝ

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የድሮ ተማሪዬ ነው። ከተመረቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ቢደውል ነው፣ አንዱ ለሠርጉ ነበር።

«ቲቸር፣ ይቅርታ በማታ ረበሽኩዎት። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሠራበት ድርጅት ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲስተም የሚገባ ሰው አንድ ፎርም ለመላክ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይጠብቃል። ባለጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ተሰልፎ ይውላል። ፒንግ ሲያደርግ ግን ንጹህ ነው፤ አንድም አይጠፋም፣ አይዘገይም። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት ሞላው። መስመር አቅራቢው ሰው ልኮ፣ ላፕቶፑን ሰክቶ ለካና «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ብሎ ሄደ። ልጁ ኬብሉን ቀየረ። ራውተሩን ቀየረ። ምንም የለም። አለቆቹ አሁን የሚጠረጥሩት እሱን ነው። በማግስቱ ስብሰባ አለ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተረቋል ብለው ሹክ ብለውታል።

«ሾው ኢንተርፌስ በል» አልኩት። «አፕ አፕ ስላለ እዚያ አታቁም። ወደ ታች ውረድና አንብብልኝ።»

አነበበልኝ። ሲአርሲ ብዙ ሺህ። ረንትስ ብዙ ሺህ። ሌት ኮሊዥን ዜሮ።

«ስፒድና ዱፕሌክሱስ?»

«መቶ፣ ፉል።»

«ማን ነው ፊክስ ያደረገው?»

ትንሽ ዝም አለ። «እኔ ነኝ ቲቸር። ራውተሩን ስቀይርም ያንኑ ኮንፊግ ነው የገለበጥኩት። እርስዎ አይደሉ እንዴ ‹ዋና መስመር ለኦቶ አይተውም› ያሉን?»

እኔ ነኝ። በዚያው ቃል ነው ያልኩት። ከ1998 እስከ 2006 ዓ.ም. ሳስተምር፣ ራውተርና ስዊች በሚገናኙበት ፖርት ሁሉ ላይ «ስፒድ 100፣ ዱፕሌክስ ፉል» ብላችሁ በእጃችሁ እንድትጽፉ ያላስጠነቀቅኩት ክፍል የለም። ላብ ላይ ያልጻፈ ተማሪ ማርክ ይቆረጥበት ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያንን ለመመለስ ነው። መዳብ ኬብል የሚሰካበት ፖርት፣ ሁለቱም ጫፍ ኦቶ ይሁን። ልዩ ምክንያት ከሌላችሁ በስተቀር አትንኩት።

ኔትወርክ የማትሠሩ ወዳጆቼ ደግሞ አብራችሁኝ እንድትቆዩ ነገሩን ልዘርዝረው።

ሃፍ ዱፕሌክስ ማለት የወታደር ራዲዮ ማለት ነው። አንዱ ሲያወራ ሌላው ይሰማል፣ ሁለቱ እኩል ከተናገሩ ግን ወሬው ይበላሻል። ፉል ዱፕሌክስ እንደ ስልክ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውራትም መስማትም ይችላሉ። ኢተርኔት ሲጀመር ሁሉም በአንድ ገመድ ላይ ስለነበር ራዲዮ ነበር። መናገር የፈለገ መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ጸጥ ካለ ይናገራል፣ ከተጋጨ ሁለቱም ያቆሙና የየራሳቸውን ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። በኋላ ስዊች መጣ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መስመር ኖረው፣ መጋጨት ቀረ።

አሁን ሁለት መሣሪያ በኬብል ሲገናኝ «አንተ ስንት ትችላለህ? ፉል ትችላለህ?» ተባብለው የሚስማሙበት መንገድ አለ፣ ኦቶ ኔጎሲዬሽን የምንለው። ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛውን ጫፍ በእጃችሁ 100 ፉል ብላችሁ ስትቸነክሩት፣ አብዛኛው መሣሪያ ድርድሩን ጭራሽ ያቆማል። «እኔ ወስኛለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ማዶ ያለው ኦቶ ደግሞ ሲጠይቅ የሚመልስለት የለም። በሽቦው ላይ ከሚመጣው ሲግናል ፍጥነቱ 100 መሆኑን ለይቶ ማወቅ ይችላል። ዱፕሌክሱን ግን በምን ይወቅ? ከሲግናሉ አይታይም። ስለዚህ ስታንዳርዱ እንደሚያዘው ሃፍ ይሆናል። አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው።

እንግዲህ አንደኛው ስልክ ይዟል፣ አንደኛው ራዲዮ። ስልክ የያዘው በፈለገው ሰዓት ያወራል። ራዲዮ የያዘው እየተናገረ ሳለ ድምፅ ሲመጣበት «ተጋጨን!» ብሎ ቃሉን መሃል ላይ ይቆርጣል። ያ የተቆረጠ ፍሬም እዚህ ሲደርስ ጎደሎ ነው፣ ሲአርሲ ኤረርና ረንት ተብሎ ይቆጠራል። ማዶ ደግሞ ሌት ኮሊዥን ይቆጥራል፤ ግጭቱ የሚመጣው የመጀመሪያዎቹ 64 ባይቶች ካለፉ በኋላ፣ በደንቡ ግጭት በማይጠበቅበት ሰዓት ነውና። በዚህ መንገድ የወደቀውን ፍሬም ካርዱ ራሱ መልሶ አይልከውም። ከላይ ያለው ቲሲፒ እስኪነቃ፣ ጠብቆ እንደገና እስኪልክ፣ ከዚያም ፈርቶ ፍጥነቱን እስኪቀንስ ነው እንግዲህ ባለጉዳዩ በረንዳ ላይ የሚቆመው።

ፒንጉስ ለምን ንጹህ ሆነ? ፒንግ አንድ ጥያቄ ልኮ አንድ መልስ የሚጠብቅ ጨዋ ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል አያወሩም፣ ስለዚህ አይጋጩም። መስመሩ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ነው የሚታመመው። «ፒንግ ያደርጋል» የሚለው መልሳችን ስንት ሰው እንዳስለቀሰ እግዜር ይወቀው።

የአቅራቢው ቴክኒሻንም አልዋሸም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሳጥኑን በአዲስ ቀይረው ነበር፣ አዲሱ ኦቶ ላይ ነው። ላፕቶፑም ኦቶ ነው። ላፕቶፑን ሲሰካ ሁለቱ ተስማሙ፣ ፍጥነቱ አማረ፣ ፈርሞ ሄደ። ሁሉም እውነቱን እየተናገረ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ተሰቃየ።

ወደ ስልኩ ልመለስ። «የት ሆነህ ነው የምታየው?» አልኩት። ከቤት ነው፣ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል፣ በዚያው በታመመው መስመር ገብቶ። ቆይ አልኩት። በዚህ ነገር ልምድ አለኝ። አንድ ጊዜ የቆምኩበትን ቅርንጫፍ ራሴው ቆርጬ፣ ለሁለት ቃል ትዕዛዝ ስል በማግስቱ ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ ሄጃለሁ። ሹፌሩ «ለምን ጉዳይ ነው?» ሲለኝ አፈርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ «ሪሎድ ኢን 10» አስባልኩት። ይህ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሳ የሚያዝ ነው። አዲሱን ነገር ሴቭ እስካላደረግን ድረስ፣ ብንቆለፍ እንኳ ሲነሳ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከዚያ ኢንተርፌሱ ውስጥ ገብቶ «ስፒድ ኦቶ»፣ «ዱፕሌክስ ኦቶ»። ሁለተኛውን ሲጽፍ ስክሪኑ ደረቀ። ሁለታችንም ትንፋሽ አላወጣንም። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ተመለሰ። «ሪሎድ ካንስል»፣ «ክሊር ካውንተርስ»፣ ከዚያ አንድ ከበድ ያለ ፋይል እንዲልክ አደረግኩት። ፋይሉ ሄደ። ቆጣሪው ዜሮ እንዳለ ቀረ። ሴቭ አደረገ።

«ሦስት ሳምንት!» አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም የምለው ጠፋኝ፣ «በርታ» ብዬ ዘጋሁ።

አሁን ራሴን ትንሽ ልከላከል፣ ተፈቅዶልኝ ከሆነ። ያ ምክር ከመሬት አልበቀለም። የድርድሩ ስታንዳርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995፣ 100 ሜጋ ኢተርኔት ሲመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ካርዶችና ስዊቾች ጽሑፉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ተረድተውት ነበር። ኦቶ ከኦቶ ጋር ተገናኝቶ አለመስማማት የእውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጽሑፉ ተስተካከለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጊጋቢት በመዳብ ሲመጣ ደግሞ ድርድሩ ግዴታ ሆነ፤ ሁለቱ ጫፎች ሰዓቱን ማን ይመራል፣ ማን ይከተላል የሚለውን የሚስማሙት በእሱ ነው። እኔ ማስተማር ስጀምር እንግዲህ ምክሩ ካረጀ ዓመታት አልፈውታል። የእኔ አስተማሪ ነግሮኝ፣ እኔ ነገርኳችሁ። ማናችንም «አሁንም እንዲህ ነው ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። ያን ጊዜ እጃችን ላይ የነበረው ከውጭ ተጠቅመውበት የመጣ አሮጌ ዕቃም ልማዱን አጽንቶልናል፣ ይህን አልክድም።

አስተያየት መስጫው ላይ ምን እንደምትሉኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። «ቲቸር፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመት ፊክስ አድርጌ ስሠራ ምንም አልሆነም።» አምናለሁ። ሁለቱንም ጫፍ አንተ ከያዝካቸው፣ ሁለቱንም ከቸነከርካቸው፣ ይሠራል። ግን እስኪ አገራችን ውስጥ የአንድ ኬብል ሁለቱን ጫፍ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚይዘው? አንዱ ጫፍ የድርጅቱ ነው፣ ሌላው የአቅራቢው ወይ የኮንትራክተሩ። የዘረጋው ልጅ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሄዷል። ርክክብ ሲባል ቁልፍና ፓስወርድ ነው፣ ያውም ፓስወርዱ ከተገኘ። ፊክስ ያደረጋችሁት ፖርት የሁለት ሰው ትዝታ ይፈልጋል። ኦቶ የማንንም ትዝታ አይፈልግም። እኔ በትዝታ ላይ የቆመ ኔትወርክ አይቼ ጠግቤያለሁ።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። ኦቶ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ እየነገረን ያለው ነገር አለ፣ እኛ ግን አፉን እንይዘዋለን። ጊጋቢት መሆን የሚገባው ፖርት 100 ላይ ወድቆ ታገኙታላችሁ። ጊጋቢት የኬብሉን አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ግን በሁለቱ ይበቃዋል፣ በ1፣ 2፣ 3 እና 6። ስለዚህ 4፣ 5፣ 7 ወይ 8 ላይ አንዷ ሽቦ በደንብ ካልተነከሰች፣ ብዙ መሣሪያ ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው ወደ 100 ይወርዳል። ይህ «ኬብልህን እይ» የሚል መልእክት ነው። እኛስ? «መስመሩ ይዋዥቃል፣ ስፒዱን 100 ላይ ፊክስ አድርገው ይረጋል» እንላለን። ረጋ። ድርጅቱ ግን ለጊጋቢት ስዊች የከፈለውን ገንዘብ ግድግዳ ውስጥ ቀበረው፣ አንዲት ፕላግ እንደገና ክሪምፕ ማድረግ ስለሰነፍን።

ሲስኮ ስዊች ላይ ፊክስ ስታደርጉ የሚጠፋ ሌላ ነገርም አለ። ኬብሉ ስትሬት ይሁን ክሮስ መሣሪያው ራሱ እያወቀ የሚያስተካክልበት ኦቶ ኤምዲአይኤክስ የሚባለው፣ በትክክል እንዲሠራ ስፒዱም ዱፕሌክሱም ኦቶ መሆን አለባቸው። «ትናንት ይሠራ የነበረ ኬብል ዛሬ እምቢ አለ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁለት ልጆች፣ እንግዲህ ምናልባት መልሱ እሱ ነው።

ልዩ ሁኔታ የለም አላልኩም። ድርድር የማያውቅ አሮጌ ሚዲያ ኮንቨርተር ወይ የፋብሪካ ማሽን አለ። አቅራቢው በጽሑፍ «የእኛ ጫፍ 100 ፉል ፊክስ ነው» ካለም፣ ተከተሉት፤ ያን ጊዜ ኦቶ መተው ነው ጥፋቱ። ፍጥነት መገደብ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ብዙ የሲስኮ ስዊች ላይ «ስፒድ ኦቶ 100» ማለት ይቻላል፤ ድርድሩ ይቀጥላል፣ መሣሪያው ግን 100 ብቻ ነው የምችለው ብሎ ይናገራል። እና ፊክስ ባደረጋችሁ ቁጥር ዲስክሪፕሽኑ ላይ ጻፉት። «ማዶው ፊክስ 100 ፉል ነው፣ በዚህ ቀን፣ ከእገሌ ክፍል ጋር ተስማምተን» ብላችሁ። ዲስክሪፕሽን ነፃ ነው፣ ራውተሩን አያዘገየውም። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ዲስክሪፕሽኖች ግማሾቹ «ሊንክ» ይላሉ። ሊንክ መሆኑንማ አየነው እኮ!

እዚህ ላይ በማስተማሩ ሥራ ላይ ላሉት ወዳጆቼ አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡ። ተማሪዎቻችን ኢንተርፌስ ማስነሳት ያውቃሉ። አድራሻ መስጠት፣ «ኖ ሻትዳውን» ማለት፣ ፒንግ ማድረግ፣ ማጨብጨብ። የራውተር ኢንተርፌስ ተዘግቶ እንደሚመጣ፣ የስዊቹ ፖርት ደግሞ ክፍት ሆኖ እንደሚመጣ ይነግሯችኋል። የዱፕሌክስ አለመስማማትን ራሱ ያውቁታል፣ ሲሲኤንኤ 200-301 ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፏል፣ ምርጫው ሲመጣ ያከብቡታል። ግን ፓኬት ትሬሰር ላይ ያደገ ልጅ የተነከሰች ሽቦ አይቶ አያውቅም። እዚያ ኬብል ወይ አረንጓዴ ነው ወይ ቀይ። እውነተኛው ዓለም አረንጓዴ ሆኖ የታመመ ኬብል የሞላበት ነው። አንድ አሮጌ ስዊች፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፓች ኮርድ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ፊክስ አድርጉና ፋይል ያስተላልፉ። ቆጣሪው ሲሮጥ በዓይናቸው ይዩት።

ቆጣሪ ስል ደግሞ፣ «ሲአርሲ 40 ሺህ አለ» ብቻ ብላችሁ አትደንግጡ፣ አታስደንግጡም። ከመቼ ጀምሮ? ከጥቂት መስመር ከፍ ብሎ ቆጣሪው መጨረሻ መቼ እንደጠራ ይጽፋል። «ኔቨር» ካለ ያ ቁጥር መሣሪያው ከተነሳ ጀምሮ የተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ሁለት ዓመት። አጥሩት፣ ግማሽ ሰዓት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ጠብቁ፣ እንደገና እዩ። እየጨመረ ከሆነ በሽታው ዛሬ አለ። ሁለቱም መሣሪያ ሲስኮ ሆነው ሲዲፒ ካልተዘጋ ደግሞ ራሱ ስዊቹ ሎግ ላይ «ዱፕሌክስ ሚስማች» እያለ ይጮኻል። ስንት ቦታ ሄጄ ያንን ጩኸት ለወራት ተጽፎ፣ ማንም ሳያነበው አግኝቻለሁ።

ልጁ በማግስቱ ከሰዓት ደወለልኝ። ስብሰባው አጭር ነበር አለ፤ ቅርንጫፉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉን ጨርሶ ስለነበር የሚወራ ነገር አልተገኘም። ምክንያቱን ሲጠይቁት «የኮንፊግሬሽን ጉዳይ ነበር፣ ተስተካክሏል» ብሎ አለፈ። የእኔን ስም አላነሳም። ማንሳት ነበረበት።

በ2001 ዓ.ም. ያባዛሁት ባለ ሰማያዊ ሽፋን ሃንድአውት እጃችሁ ላይ ያለ፣ ገጽ 17 ላይ ከላይ ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶ አሳርፉበት። ጎኑ ላይ «ሁለቱም ጫፍ ኦቶ» ብላችሁ ጻፉ። ለታናናሾቻችሁ ኮፒ አድርጋችሁ የሰጣችሁ ደግሞ ደውላችሁ ንገሯቸው። የእኔ ቅጂ ከድሮ ፍላሽ ጋር ጠፍቶብኛል፣ ያለው ሰው ፎቶ አንስቶ በውስጥ ቢልክልኝ ሌሎቹንም ገጾች እንደገና ማየት እፈልጋለሁ። ገጽ 22 ላይም የሆነ ነገር ጠርጥሬያለሁ።